«ማባበል ነው» ለምትሉን፦ የማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት እውነታ

ባሕር ዳር ውስጥ የወላጆች ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንድ ሰው እጁን ያወጣና «ልጆቹን እያባበላችሁ አበላሻችኋቸው» ይላል። ይጨበጨብለታል። መምህር ነኝ፤ ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት አምስት ችሎታዎችን ያስተምራል፦ የራስን ስሜት ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው መግባባትና አስቦ መወሰን። እንደ ንባብ በልምምድ ይመጣሉ።

«ለሕፃናት ነው።» የ11ኛ ክፍል ተማሪም ይናደዳል፤ ያውም የባሰ።

«ይሄማ ግብረ ገብ ነው።» ይቀራረባሉ። ግብረ ገብ መሳደብ ነውር መሆኑን ይነግረዋል። ይሄኛው ስድቡ ምላሱ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚውጠው ያለማምደዋል።

«የትምህርት ሰዓት ይበላል።» እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 213 ፕሮግራሞችን፣ ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን አይቷል። የትምህርት ውጤት በተለካባቸው ፕሮግራሞች የተሳተፉት ልጆች በአማካይ 11 ፐርሰንታይል በልጠዋል። በእኛ አነጋገር፣ ከመቶ ልጅ 50ኛ የሚወጣው ወደ 39ኛ ተጠጋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማባበሉ። ዛሬም «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝና ግረፉት» የሚለን ወላጅ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት መግረፍ ክልክል ነው። ሕጉን እንኳ እንተወው። ግርፋቱ ምን ሠራ?

የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ሂሳብ ላይ ኤክስ ሲደረግበት ደብተሩን ይቦጫጭቃል። ተገርፏል፣ ተንበርክኳል፣ «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሏል። መቦጫጨቁን አልተወም። ቁጭ ብዬ ሳናግረው፣ ለካ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብሰውን እናቱን ያግዛል። የቤት ሥራውን የሚሠራው እንቅልፍ እየጣለው ነው። ኤክስ ሲያይ «ደንቆሮ ነኝ ማለት ነው» ይላል።

ተስማማን። ንዴቱ ሲመጣ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አግድም ያስቀምጣል። እኔ አያለሁ፤ ምንም አልናገርም። ቧንቧው ጋ ሄዶ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። የቀደደውን ገጽ ግን ሙሉውን ይገለብጣል፤ ካልጨረሰ እረፍት የለም። ይሄ ነው ማባበል? በአለንጋ ሁለቴ ቢመታ ያልፍለት ነበር። ገጽ መገልበጡ ይከብዳል፣ ራስን መያዙ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ወዲያው አልተለወጠም። ሁለት ደብተር ከዚያ በኋላም አልቋል። እየቆየ ግን እስክሪብቶውን ያስቀምጥና ከወንበሩ ሳይነሳ ተንፍሶ ይቀጥል ጀመር። ከሰዓት ፈረቃ፣ በዚያ የባሕር ዳር ሙቀት፣ ይህን ማድረግ ለአዋቂም ቀላል አይደለም።

«የአማካሪ ሥራ ነው።» ያው ጥናት የክፍል መምህራን ራሳቸው እንደሚችሉት አሳይቷል።

መምህራን፣ ልጅ ሲያጠፋ ክፍሉ ፊት አትፋጠጡት፤ ከደወል በኋላ ለብቻው አናግሩት፣ ያበላሸውንም ራሱ ያስተካክል። ወላጆች፣ ማታ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን አናደደህ?» በሉት። ሳትቆጡ እስከ መጨረሻው ስሙት። ዝም ካለ አታስጨንቁት፤ ነገ ደግማችሁ ጠይቁት።