ክሬዲት አወር ሌላ፣ ኢሲቲኤስ ሌላ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቂሊንጦ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ሰርኪት የሚባለው ኮርስ 3 ክሬዲት ነው ይላሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን 5 ተጽፏል። የቱ ነው ልክ?»

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ 3ቱ ክሬዲት አወር ነው፣ 5ቱ ኢሲቲኤስ። የሚቆጥሩት ነገር ነው የተለያየው።

ክሬዲት አወር በዋናነት ክፍል ውስጥ የምትቀመጥበትን ሰዓት ይቆጥራል። በሳምንት አንድ ሰዓት ሌክቸር፣ ሴሚስተሩን ሙሉ፣ 1 ክሬዲት ነው። ላብ ላይ ሒሳቡ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ አፍጥጠህ የምታገኘው 1 ክሬዲት ብቻ ነው። ለኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ግን አሠራሩ እንዲህ ነው።

ኢሲቲኤስ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ የክሬዲት አቆጣጠር ነው። ልፋትህን በሙሉ ይቆጥራል፦ ሌክቸሩን፣ ላቡን፣ ሪፖርቱን፣ ለፈተና ስታጠና ያነጋህበትን ሌሊት ሳይቀር። 1 ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ የዓመቱ ጭነት 60 ይሆናል። ስለዚህ ባለ 5ቱ ኮርስ ቢያንስ 125 ሰዓት ይፈልጋል። 3 ክሬዲት ሌክቸር ግን በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 77 ሰዓት ያንተ ነው፣ ወንድሜ።

ጂፒኤህን፣ ማለትም አማካይ ውጤትህን ስታሰላ ሁለቱን አታደባልቅ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ኤ ካገኘህ፣ ኤ 4 ስለሆነ 3 በ4፣ 12 ነጥብ ነው። ባለ 1 ክሬዲት ላብ ሲ ከሆነ፣ ሲ 2 ስለሆነ 2 ነጥብ። 14ን ለ4 ክሬዲት ስታካፍል 3.5 ይመጣል እንጂ 4ንና 2ን እንዲሁ ደምረህ ለሁለት ስታካፍል የሚመጣው 3.0 አይደለም።