ሎበል ባስቲዮን፦ የቪየና ከበባ የጠነከረበት ጥግ

ዛሬ በቪየና የቡርግ ቴአትር ቤት በቆመበት አካባቢ ድሮ ከባድ ምሽግ ነበር። ሎበል ባስቲዮን ይባል ነበር፤ ስሙም የከተማዋ ጦር አዛዥ ከነበረ ሰው የመጣ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባስቲዮን ከከተማ ቅጥር ወደ ውጭ የሚወጣ፣ አፍንጫው የሾለ ወፍራም ምሽግ ነው። የጥንቶቹ ማማዎች አንድ ክፉ ችግር ነበረባቸው። ግርጌያቸው ድረስ የተጠጋ ጠላት ከላይ ሆኖ ለሚተኩስ ሰው አይታይም። ጣሊያኖች ይህን በሹል ቅርጽ ፈቱት። እያንዳንዱ ባስቲዮን የጎረቤቱን ፊት በመድፍ ይጠብቃል። ውስጡም አፈር ስለሆነ ቶሎ አይፈርስም።

ቪየና ዘዴውን የወሰደችው ደንግጣ ነው ማለት ይቻላል። በ1529 የኦቶማን ቱርክ ሱልጣን ሱሌይማን ሲከባት የነበራት ያረጀ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ብቻ ነበር። ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ በኋላ ባስቲዮኖቹ ተራ በተራ ተገነቡ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በ1683 ነው። የኦቶማን ጦር መሪ ካራ ሙስጠፋ ፓሻ ጁላይ 14 ከተማዋን ከበበ። ዋናው ጥቃት ያነጣጠረው በሎበልና በጎረቤቱ በቡርግ ባስቲዮን ላይ ነበር። ለምን እዚያ? መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ለቁፋሮ ይመቻል። ኦቶማኖቹ ግንብ የሚያፈርስ ከባድ መድፍ በበቂ አላመጡም ነበር። ስለዚህ ወደ ምድር ውስጥ ገቡ። በዋሻ ቆፍረው ከግንቡ ሥር ባሩድ ይቀብራሉ፣ ያፈነዳሉ፣ በፍርስራሹ ላይ ይዘምታሉ። የከተማዋ አዛዥ የሽታረምበርግ ሰዎችም ከውስጥ ወደ ውጭ እየቆፈሩ ይጠብቋቸዋል። አንዳንዴ ሁለቱ ወገኖች በጨለማው ዋሻ ውስጥ ፊት ለፊት ይገጥሙ ነበር። ሹሉ ቅርጽ ለመድፍ የተዘጋጀ መልስ ነው እንጂ ከሥር ለሚመጣ ጠላት ብዙም አይረዳም።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነገሩ ከፋ። በአራተኛው ቀን የቡርግ ባስቲዮን ተቀደደ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ተራው የሎበል ሆነ። ተከላካዮቹ ክፍተቱን በእንጨትና በአሸዋ ከረጢት እየደፈኑ፣ በየጊዜው እየተፋለሙ ቆዩ። ሴፕቴምበር 12 የፖላንዱ ንጉሥ ያን ሶብየስኪ የሚመራው የእርዳታ ጦር ከካለንበርግ ተራራ ወርዶ ከበባውን ሰበረው። ካራ ሙስጠፋ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሱልጣኑ ትእዛዝ ቤልግሬድ ላይ ተገደለ።

ከዚያ በኋላ የምሽጉ ወታደራዊ ጥቅም እየቀነሰ ሄደ። በ1809 ቪየናን የያዘው የናፖሊዮን ጦር ቡርግ ባስቲዮንን በባሩድ አፈነዳው። ሎበል ግን ተርፎ የመዝናኛ ቦታ ሆነ፤ አናቱ ላይ የአትክልት ስፍራና ቡና ቤት ነበረው። (የቪየና ቡና ከኦቶማን ሰፈር በተገኘ ከረጢት ተጀመረ የሚባለው ተረት ነው። በ1685 የመጀመሪያውን የቡና ፈቃድ ያገኘው ዮሐንስ ዲዮዳቶ የሚባል አርመናዊ ነው።)

በ1857 ዲሴምበር የኦስትሪያው አፄ ፍራንዝ ዮሴፍ ቅጥሩ እንዲፈርስ አዘዙ። በቦታው ሪንግሽትራሰ የሚባለው ሰፊ ጎዳና ተዘረጋ። ቴአትር ቤቱም በ1888 ተከፈተ። ከሎበል የቀረው የመንገድ ስም ነው፤ የድሮውን ግንብ ማየት የሚፈልግ ሰው ትንሽ ወደ ሰሜን ሄዶ የሞልከር ባስቲዮንን ቅሪት ማየት ይችላል።