ከአንገት በላይ የተቀበሉት ምሥጢር ይጸናል ወይ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ወጣት የካቶሊክ ልጅ ሊያገባ፣ የልጅቷ ቤተሰብ ደስ እንዲለው ብቻ ይጠመቃል። ከዓመታት በኋላ ከልቡ አምኖ ይመጣና «አሁን በትክክል አጥምቁኝ» ይላል። ሌላዋ ደግሞ ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ቆርባ ካደገች በኋላ «ያኔም አላመንኩም ነበር፤ ስለዚህ የተደረገልኝ ሁሉ ከንቱ ነው» ትላለች። የሁለቱም ስህተት ምንጩ አንድ ነው፦ ሦስት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ማደባለቅ።

አንደኛ፣ ምሥጢሩ (እንደ ጥምቀትና ቁርባን ያለው የቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሥርዓት) በእርግጥ ተፈጽሟል ወይ? ማለትም ይጸናል ወይስ ፈራሽ ነው? ሁለተኛ፣ የተፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ሕግ በሚያዘው መንገድ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ ለተቀባዩ ጸጋ አስገኝቶለታል ወይ? ሕጉ ተጥሶም ቢሆን የሚጸና ምሥጢር አለ፤ ጸንቶ ፍሬ ሳያፈራ የሚቀርም አለ። የተቀባዩ እምነት በዋናነት የሚመዘነው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ለመጀመሪያው የሚፈለገው ፈቃደኝነቱ ነው፤ እምነትና ፈቃደኝነት ደግሞ አንድ አይደሉም።

«ሳያምን የተጠመቀ ሰው ውኃ ነካው እንጂ አልተጠመቀም»

ስህተት ነው። አዋቂ ሰው ሲጠመቅ ጥምቀቱ እንዲጸና አራት ነገር ያስፈልጋል፦ እውነተኛ ውኃ (በራሱ ላይ የሚፈስ ወይም የሚነከርበት)፣ የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ስም የሚጠራበት ቃል፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን የማድረግ ሐሳብ ያለው አጥማቂ፣ እና የተጠማቂው ፈቃደኝነት። የተጠማቂው እምነት ከአራቱ ውስጥ የለም። የነገረ መለኮት ሊቁ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በግልጽ ለይቶታል፤ ትክክለኛ እምነት የሌለው ሰው የማይፋቀውን የጥምቀት ማኅተም (በነፍስ ላይ የሚቀር ምልክት) ይቀበላል፣ የሚያድነውን ጸጋ ግን አይቀበልም።

የወጣቱ ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ለጋብቻ ሲል ቢሆንም መጠመቅ ፈልጓል፤ ያነሳሳው ምክንያት ደካማ መሆኑ ፈቃደኝነቱን አይሽረውም። ስለዚህ ዳግመኛ አይጠመቅም። ጥምቀት፣ ሜሮንና ክህነት ማኅተም ስለሚያትሙ አይደገሙም። ታግዶ የቆየው ጸጋ መሰናክሉ ሲነሣ ይሠራል። በተግባርም መንገዱ ይህ ነው፦ ካህኑን ያነጋግራል፣ የጎደለውን ትምህርተ ክርስቶስ ይማራል፣ ከዚያ ይናዘዛል። ከጥምቀቱ በፊት የሠራው ኃጢአት በዚያው በጥምቀቱ ኃይል ይሰረያል፤ ያለ እምነት ቀርቦ የፈጸመው በደልና ከዚያ ወዲህ የሠራው ደግሞ በንስሐ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው «እንደገና አጥምቁኝ» ብሎ እምቢ ሲባል የተገፋ ይመስለዋል። እምቢታው ግን «እግዚአብሔር የሰጠህ አልጠፋም» ማለት ነው።

ፈራሽ የሚሆነው ሰውዬው በውስጡ ጥምቀቱን ፈጽሞ እምቢ ካለ ነው። በመድረክ ላይ የተጠማቂ ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ተዋናይ ውኃ ቢፈስበትም አልተጠመቀም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1201 በፈረንሳይ ለምትገኘው ለአርል ከተማ ሊቀ ጳጳስ በጻፉት ደብዳቤ፣ በማስፈራሪያ ተገፍቶም ቢሆን እሺ ብሎ የተጠመቀውን እስከ መጨረሻው ከተቃወመው ለይተዋል፤ የፊተኛው ማኅተሙን ይቀበላል፣ የኋለኛው ምንም አይቀበልም።

ይህ ልዩነት በታሪክ ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። በስፔን ንጉሥ ሲሰቡት አይሁድን በግዳጅ ካስጠመቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ633 የተሰበሰበው 4ኛው የቶሌዶ ጉባኤ ወደፊት ማንም እንዳይገደድ ከለከለ፤ አስቀድመው የተጠመቁት ግን በክርስትና እንዲቆዩ አስገደደ። የጥምቀቱ መጽናት ሰዎቹን ማሠሪያ ገመድ ሆነ። የዛሬው ሕግ ማንንም ሰው ከኅሊናው ውጭ ወደ ካቶሊክ እምነት ማስገደድ በማንኛውም ጊዜ ክልክል መሆኑን ይደነግጋል።

ጥምቀቱ ስለመጽናቱ ምርመራ ተደርጎም የማይለቅ ጥርጣሬ ካለ፣ ካህኑ «ያልተጠመቅህ እንደ ሆነ…» በሚል ቅድመ ሁኔታ ያጠምቃል። ይህ የሚደረገው ለእውነተኛ ጥርጣሬ እንጂ የተጠማቂውን ስሜት ለማርካት አይደለም።

«ካህኑ ራሱ ካላመነ ወይም ኑሮው ከረከሰ ምሥጢሩ ይፈርሳል»

ይህ የጥንቶቹ የዶናቲስቶች አቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ303 በጀመረው የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፈው የሰጡ ጳጳሳት የሚፈጽሙት ምሥጢር ዋጋ የለውም ብለው የሰሜን አፍሪካን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ከፈሉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ የመለሰላቸው መልስ ዛሬም የካቶሊክ ትምህርት ነው፦ በማንም እጅ ይሁን፣ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ የሆነው የትሬንት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1547 አጸናው። ከአገልጋዩ የሚፈለገው ቢያንስ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን የማድረግ ሐሳብ ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ያልተጠመቀች ነርስ እንኳ፣ ይህ ሐሳብ ኖሯት ብታጠምቀው ጥምቀቱ ይጸናል።

በተቃራኒው እምነት ሞልቶ ቃሉ ሲበላሽ ምሥጢሩ ይፈርሳል። «አጠምቅሃለሁ» በሚለው ፈንታ «እናጠምቅሃለን» ተብሎ የተፈጸመ ጥምቀት እንደማይጸና ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ2020 አስታወቀች። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ አንድ ካህን የራሱን የሕፃንነት ጥምቀት ቪዲዮ ሲያይ ቃሉ እንዲያ ሆኖ አገኘው። ያልተጠመቀ ሰው ክህነት ሊቀበል ስለማይችል እንደ አዲስ ተጠመቀ፣ ሜሮን ተቀባ፣ ክህነትም ተቀበለ። የወላጆቹም ሆነ የእሱ ቅንነት የተለወጠውን ቃል አልጠገነውም።

«ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሁሉ በካቶሊክ እንደገና ይጠመቃል»

አይጠመቅም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀና ሜሮን የተቀባ ሰው ወደ ካቶሊክ ቢመጣ ሁለቱም አይደገሙለትም። በሥላሴ ስም በውኃ የሚያጠምቁ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትም ይጸናል፤ ለእነዚህ ግን ሜሮን ይቀራቸዋል። «በኢየሱስ ስም» ብቻ የሚያጠምቁ ማኅበራት ጥምቀት አይጸናም፤ የጎደለው የሥላሴ ስም የሚጠራበት ቃል ነውና። ስለዚህ ካህኑ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሲጠይቅ አብሮ የሚጠይቀው በምን ቃልና እንዴት እንደተጠመቁ ነው።

«ሕፃን ማመን ስለማይችል ጥምቀቱ አይጸናም»

ሕፃን በራሱ ፈቃድ እምቢ አይልም፣ መሰናክልም አያኖርም፤ የሚጠመቀው በቤተ ክርስቲያን እምነት ነው። በካቶሊክ እምነት ያድጋል የሚል ተስፋ ፈጽሞ ከሌለ ግን ጥምቀቱ ይዘገያል።

«ምሥጢራት በራሳቸው ስለሚሠሩ የኔ ልብ ለውጥ አያመጣም»

የመጀመሪያው ስህተት ግልባጭ ነው። ምሥጢራት «በተፈጸመው ሥራ» ጸጋ ይሰጣሉ ሲባል ኃይሉ የክርስቶስ ነው፣ የካህኑ ወይም የምእመኑ ብቃት የወለደው አይደለም ማለት ነው። ይኸው የትሬንት ጉባኤ ጸጋው የሚሰጠው «መሰናክል ለማያኖሩ» እንደሆነ ጨምሮ ተናግሯል። ፀሐይ መስኮት የዘጋውንም ሰው ቤት ትመታለች፤ ብርሃኗ ግን ወደ ውስጥ አይገባም።

በቅዱስ ቁርባን ላይ ይህ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይታያል። ኅብስቱና ወይኑ የክርስቶስ ሥጋና ደም መሆናቸው በቆራቢው እምነት ላይ አይመሠረትም። የማያምን ሰው ሲቆርብም የሚቀበለው ያንኑ ነው፤ ጥቅም ግን አያገኝም፣ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ ፍርድን እንደሚበላ ይናገራል። ስለዚህ ለዘመድ ሠርግ ወይም ለቀብር ጸሎት ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሄደ የማያምን ሰው «ሁሉም ስለተነሣ» ብሎ መሰለፍ የለበትም። በቦታው ተቀምጦ መቆየት ነውር አይደለም።

«ካህኑ የኃጢአት ፍታት ከሰጠኝ፣ ባልጸጸትም ተፈትቻለሁ»

ንስሐ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሰናከልበት ቦታ ነው። በጥምቀት ውኃው ከሰውዬው ውጭ አለ። በንስሐ ግን የምሥጢሩ አካል ሰውዬው ራሱ የሚያደርጋቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መጸጸት፣ መናዘዝና የተሰጠውን ቀኖና ለመፈጸም መቀበል። ጸጸት ከሌለ ፍሬ ብቻ ሳይሆን ምሥጢሩ ራሱ ይጎድላል፤ ካህኑ የፍታቱን ቃል በሙሉ ቢናገርም ፈራሽ ነው። እንደ ጥምቀትም ቆይቶ ሕያው አይሆንም፤ እንደገና መናዘዝ ያስፈልጋል።

ከባድ ኃጢአትን አውቆ የደበቀም እንዲሁ ነው። ሲመለስ የደበቃትን አንዷን ብቻ መናገር አይበቃውም፤ ያቺን ኑዛዜና ከዚያ ወዲህ የነበሩትን ሁሉ በከባድ ኃጢአቶቻቸው ይደግማል። የረሳ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ኑዛዜው ይጸናል፣ ትዝ ሲለው በሚቀጥለው ይናገራል።

ሕሊናቸው ስስ ለሆነባቸው አንድ ነገር እንጨምር። ጸጸት ማለት ዕንባ ወይም የስሜት መነካት አይደለም። ኃጢአቱን መጥላትና ላለመድገም መቁረጥ ነው። ቅጣትን ከመፍራት ወይም የኃጢአትን አስቀያሚነት ከማየት የመጣ ፍጹም ያልሆነ ጸጸት እንኳ ከምሥጢሩ ጋር ሲሆን እንደሚበቃ የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 አስተምሯል። «እንደገና እወድቅ ይሆናል» የሚል ፍርሃትም ውሳኔውን አያፈርሰውም።

«ባሌ አያምንም ነበርና ተክሊላችን ፈራሽ ነው»

ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ጋብቻን የሚፈጥረው የሁለቱ ሰዎች እሺታ ሲሆን፣ በሁለት የተጠመቁ ሰዎች መካከል ደግሞ የሚጸና ጋብቻ ሁሉ በራሱ ምሥጢር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምሥጢር መሆኑን ያምን ነበር ወይ?» አይደለም፤ «ጋብቻን እንደ ጋብቻ ፈልጓል ወይ?» ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 እምነታቸው የደከመ ሙሽሮች በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳይመለሱ፣ ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ የምታስበውን በግልጽና በይፋ የሚክዱት ግን እንዳይፈቀድላቸው ጽፈዋል።

እምነት ማጣት ጋብቻን የሚያፈርሰው እሺታውን ሲያበላሽ ነው። ሰውዬው በሠርጉ ቀን ቁርጥ ባለ ሐሳብ ዘላቂነትን («ካልተስማማን እፈታለሁ» ብሎ ወስኖ)፣ ታማኝነትን ወይም ልጅ መውለድን ከጋብቻው አውጥቶ ከሆነ ፈራሽ ነው። «ፍቺ መጥፎ አይደለም» የሚል አጠቃላይ አስተያየት ብቻ ግን አያፈርስም፤ አስተያየትና ውሳኔ ይለያያሉ። «ጋብቻዬ ፈራሽ ነው ይባልልኝ» የሚል ማመልከቻ የሚመዘነውም በዚህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው «አያምንም ነበር» የሚል ምስክር ብቻ ይዞ አይሂድ። የሚፈለገው ከሠርጉ በፊትና በዚያው ሰሞን የተነገረ ቃል፣ የተጻፈ መልእክት፣ ያንን የሰማ ዘመድ ወይም ሚዜ ነው። ከማመልከቻው ጋር የጋብቻና የጥምቀት ምስክር ወረቀቶች ይያያዛሉ፤ የጋብቻውን መጽናት የሚሟገት አንድ ባለሥልጣንም ሁልጊዜ ይመደባል። ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ጋብቻው እንደጸና ይቆጠራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ባሻሻሉት ሥርዓት ከዲሴምበር 8 ቀን 2015 ጀምሮ፣ ይግባኝ ካልተጠየቀ አንድ የፈራሽነት ውሳኔ ይበቃል። ውሳኔው ልጆችን «ዲቃላ» አያደርግም፤ ሕጉ ይህን ለይቶ ይጠብቃቸዋል። የመንግሥት ፍርድ ቤት ፍቺ ይህን ውሳኔ አይተካም።

የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቃውያን ቀኖናት መጽሐፍ (የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ) ስለሚተዳደሩ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ፦ በእነሱ ዘንድ ለተክሊሉ መጽናት የካህን ቡራኬ ያስፈልጋል፣ ዲያቆን አይበቃም።

«ራሱን የሳተ በሽተኛ እምነቱን መናገር ስለማይችል ቀንዲል (የሕሙማን ቅባት) አይቀባም»

ይቀባል። አእምሮው ሳለ ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር ብሎ ለመገመት የሚያበቃ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በሕይወቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ከነበረ፣ ያ በቂ ነው። ቤተሰብ ካህን ለመጥራት «እስኪነቃ» ብሎ አይጠብቅ።

«እምነቴን በይፋ ከካድኩ ጥምቀቴ ይሰረዛል»

በአውሮፓ አንዳንዶች ስማቸው ከጥምቀት መዝገብ እንዲፋቅ ይጠይቃሉ። መዝገቡ የተፈጸመ ድርጊት መዝገብ ስለሆነ አይፋቅም፤ ሰውዬው መውጣቱ በጎን ይጻፋል። በመግቢያው ላይ ያነሣናት ሴት አንድ ቀን ብትመለስ አዲስ ጥምቀት፣ አዲስ ሜሮን አይጠበቅባትም። የተጠመቀችበት ቁምስና (አጥቢያ) የምስክር ወረቀቷን ያወጣላታል፤ እሷም ካህኗን አነጋግራ ትናዘዛለች።