ጥሞና በማረሚያ ቤት

በማረሚያ ቤት የሚሰጥ የጥሞና ሥልጠና ታራሚው ዝም ብሎ ተቀምጦ ትንፋሹን፣ የሰውነቱን ስሜትና የሐሳቡን ሩጫ እንዲከታተል የሚያለማምድ ፕሮግራም ነው። ሜዲቴሽንም ተመስጦም ይሉታል። ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች «ጥሞና» የሚለው ይቀርበናል። አክስቴ በየዓመቱ በሶዋን ቋጥራ በጀልባ ወደ ዘጌ ትሻገርና ሰባት ቀን ሱባኤ ትይዛለች። አንዴ ስትመለስ «ምን ስትሠሪ ሰነበትሽ?» አልናት። «አፌን ስዘጋ» አለች። ጣና ዳር ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

እስሩም ቢሆን ከአካባቢያችን ታሪክ አይርቅም። «ወህኒ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከጎንደር ብዙም ከማይርቀው ከአምባ ወህኒ ነው ይባላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ዙፋን ይሻሙናል ያሏቸውን ልዑላን የሚያስቀምጡት እዚያ ነበር።

ዛሬ የሚታወቀው የእስር ቤት ጥሞና በደንብ የተመዘገበው ሕንድ ውስጥ ነው። መምህሩ ጎየንካ በርማ የተወለዱ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበሩ። ቪፓሳና የሚባለውን የጥሞና ዘዴ የተማሩት ኡ ባ ኪን ከተባሉ የበርማ መንግሥት ሹም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጃይፑር ማዕከላዊ እስር ቤት እንዲያስተምሩ ተጋበዙ። ከእስረኞቹ አንዳንዶቹ እግራቸው በሰንሰለት እንደታሰረ መጡ። ጎየንካ «በሰንሰለት የታሰረ ሰው አላስተምርም» አሉ ይባላል። የጥበቃ ኃላፊዎቹ ፈሩ፤ በመጨረሻ ግን ሰንሰለቱ ተፈታ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህችን እወዳለሁ።

ከዚያ በኋላ ዝነኛው ደልሂ የሚገኘው ቲሃር እስር ቤት ነው። ኃላፊዋ ኪራን ቤዲ ነበሩ፤ በሕንድ ፖሊስ በመኮንንነት የተቀጠሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ብልሃታቸው ቀድመው የራሳቸውን ሠራተኞች ለሥልጠናው መላካቸው ነው። በሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ከ1,000 በላይ እስረኞች አብረው ተቀመጡ። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ይደወላል። ወሬ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ደብዳቤ የለም። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሰውነትን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር በልብ መዳሰስ ይመጣል። ዝምታው የሚፈታው በ10ኛው ቀን ነው።

በእንግሊዝ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዮጋና በጥሞና ታራሚዎችን የሚያግዝ ድርጅት አለ።

አሜሪካ ውስጥ ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. ለሕመምተኞች ያዘጋጁት የ8 ሳምንት ሥልጠና በኋላ ማሳቹሴትስ እስር ቤቶች ገባ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ከ1,300 በላይ ታራሚዎችን አይቶ ቁጣቸው ቀነሰ፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ተሻሻለ ብሏል። ለውጡ በሴቶቹ ላይ ጎልቷል። ሥልጠናውን ካልወሰደ ቡድን ጋር ግን በወጉ አልተነጻጸረም። እናም «ጥሞና ወንጀልን ያስቀራል» ብሎ በድፍረት መናገር ትንሽ ይከብዳል። ሰውን እንደሚያረጋጋ ግን ማንም አይክደኝም።

ሃይማኖት ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላለቀም። ሥሩ ቡድሂዝም መሆኑ አያከራክርም፤ አስተማሪዎቹ ግን «ትንፋሽ ሃይማኖት የለውም» ባይ ናቸው። አላባማ ውስጥ ዶናልድሰን በተባለ እስር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በዚሁ ቅሬታ የተነሳ ቆሞ ነበር፤ በኋላ ተመልሷል። እኛም ጋ ቢመጣ ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 ታራሚ በሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። የንስሐ አባትም ሸኽም መግባት ስለሚችሉ፣ አርምሞን ለማስተማር የግድ ከሕንድ ሰው መጥራት አያሻም ባይ ነኝ።

ከባዱ ነገር ቦታው ነው። ብዙ ሰው በሚያድርበት ክፍል ማን ዝም ይላል? አንዱ ያስላል፣ አንዱ ዳማ ይጫወታል፣ ሌላው ስንቅ ከቤት መጣልኝ ብሎ ይጣራል። ዶናልድሰን ይህን የፈታው የስፖርት አዳራሹን በመዝጋት ነው። ታራሚዎቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ገቡ፤ 10 ቀን እዚያው በሉ፣ እዚያው ተኙ፣ እዚያው ተቀመጡ።