የአእምሮ ካርታ ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ቅዳሜ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት ተነስተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር በእግር ወረድን። ጥቁር አንበሳ ጋ ስንደርስ ቀኝ እጇን ዘርግታ «እዚህ ነው የተወለድኩት!» አለችኝ። ስንመለስ እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። «መንገድ ተሳስተናል። ጥቁር አንበሳ በዚህ በኩል ነበር» አለች፣ ያንኑ ቀኝ እጇን እንደዘረጋች። ሆስፒታሉ በግራዋ ተገትሯል።

አልፈርድባትም። ትንሽ ልጅ ቦታን በአብዛኛው የሚይዘው በራሱ ገላ ለክቶ ነው፤ በቀኜ፣ በግራዬ፣ ከፊቴ እያለ። የአእምሮ ካርታ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። የትም ብንቆም፣ ወዴትም ብንዞር፣ ቦታዎቹ እርስ በርስ ያላቸውን አቀማመጥ የሚይዝ የጭንቅላት ውስጥ ንድፍ ነው። ካርታው ያለው ሰው መንገድ ቢዘጋበት በማያውቀው ቅያስ ገብቶ ይወጣል።

ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው፤ አይጦችን ሲያጠና። በ1971 ደግሞ ጆን ኦኪፍ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሴሎች አገኘ። በ2005 ያኔ ባልና ሚስት የነበሩት ሜይ-ብሪት እና ኤድቫርድ ሞሰር ከጎኑ ባለው ክፍል፣ ወለሉን እንደ ማር እንጀራ በእኩል ርቀት የሚሸነሽኑ ሴሎችን ይፋ አደረጉ። ሦስቱም በ2014 ኖቤል ተሸለሙ።

እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በአይጥ ግልገል ላይ ቀድመው የሚታዩት ጭንቅላቷ ወዴት እንደዞረ የሚጠቁሙ ሌሎች ሴሎች ናቸው፤ ዓይኗ ሳይገለጥ ጭምር። ከዚያ የቦታዎቹ፣ በመጨረሻ የሸንሻኞቹ ተራ ይመጣል። ለግልገሏ ሁሉም በሳምንታት ያልቃል። ለሰው ልጅ ዓመታት ይፈጃል።

በ1994 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ሁለት ግድግዳው ረጅም፣ ሁለቱ አጭር የሆነ አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ገቡ። አሻንጉሊት ጥግ ላይ ተደበቀ። ዓይናቸው ተሸፍኖ ዞር ዞር ተደረጉ፣ ከዚያ «ፈልጉ» ተባሉ። የፈለጉት በትክክለኛው ጥግና ቅርፁ በሚመስለው ተቃራኒ ጥግ ነው። አንዱ ግድግዳ ሰማያዊ ነበር፤ ሁለቱን ጥጎች ለመለየት ይበቃቸው ነበር፣ ግን አልተጠቀሙበትም። ለአዲስ አበቤ ይሄ ጉድ ነው። አድራሻችን ሁሉ «ሰማያዊው በር ጋ»፣ «ከፋርማሲው ፊት ለፊት» አይደል?

መራመድም የራሱ ድርሻ አለው። መዳህ የጀመረ ሕፃን የተደበቀ ዕቃ ሲፈልግ ገና ካልዳኸው እኩያው ይሻላል። ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ተቀምጦ መሄድና በራስ እግር መሄድ ለየቅል ናቸው።

ወደ ቸርችል ልመለስ። ትከሻዋን ይዤ ፊቷን ወደ ለገሃር መለስኩት። ሆስፒታሉ በቀኟ መጣ። ወደ ፒያሳ አዞርኳት፤ በግራዋ ሆነ። ከዚያ ራሷ ሦስት አራት ጊዜ ዞረች፣ አላፊ አግዳሚው እያየን። ቆም ብላ አሰበችና ፈረደች። «እሱ ነው የሚዞረው።»