ዲዛይን ቲንኪንግ በሰው ሀብት ሥራ፦ የሠራተኛውን መንገድ አብሮ መሄድ

ዲዛይን ቲንኪንግን ለሰው ሀብት ሥራ ማዋል ማለት የቅጥር፣ የምዘና፣ የሥልጠናና የስንብት አሠራርን ሠራተኛውን ራሱን ይዞ መቅረጽ ነው። ዕቃ ወይም አፕ የሚሠሩ ሰዎች ደንበኛቸውን ያጠናሉ። የሰው ሀብት ክፍሉም (ኤችአር) በዚያው መንገድ ሠራተኛውን ያጠናል፤ የሚቸገርበትን ቦታ ከራሱ አፍ ይሰማል። ከዚያ ርካሽ የሙከራ ናሙና ይሠራል፣ ያሳየዋል፣ ሲተች ያስተካክላል። ከዚህ ጋር አብሮ የመጣው «የሠራተኛ ተሞክሮ» የሚለው አጠራር አንድ ሰው የሥራ ማስታወቂያውን ካየበት ቀን ጀምሮ ክሊራንሱን ይዞ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ የሚገጥመውን ሁሉ ይይዛል። አለቃውም፣ ላፕቶፑም፣ ካፍቴሪያውም፣ የፈቃድ ቅጹም እዚያ ውስጥ አሉ።

ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ ስላልተገኘ ነው። ከሁሉም በላይ የተጻፈለት አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ስለሆነ እሱ ሰፊውን ቦታ ይዟል። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

የሐሳቡ ሥር የሚወሰደው ወደ ኸርበርት ሳይመን ነው። አሜሪካዊው ሊቅ በ1969 እንዳስቀመጠው፣ ያለውን ሁኔታ ወደሚፈለገው ለመለወጥ መንገድ የሚቀይስ ሁሉ ዲዛይን እየሠራ ነው። በ1973 ሆርስት ሪትልና ሜልቪን ዌበር አንዳንድ የማኅበረሰብ ችግሮች ቁርጥ ያለ ትርጉምም የመጨረሻ መፍትሔም እንደሌላቸው ጻፉ። የኤችአር ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ሳይነቀንቅ አይቀርም።

ሐሳቡን ወደ ቢዝነስ ያስገባው በ1991 የተመሠረተው አይዲዮ የተባለው የካሊፎርኒያ የዲዛይን ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቪድ ኬሊ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ዲ ስኩል» የሚባለውን ተቋም አቋቋሙ። ተቋሙ ኤስኤፒ ከተባለው የጀርመን የሶፍትዌር ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ከሆኑት ከሃሶ ፕላትነር የ35 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ አግኝቷል። በ2008 ደግሞ የአይዲዮው ቲም ብራውን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያወጡት ጽሑፍ ነገሩን በየኩባንያው አስተዳደር ዘንድ አስተዋወቀ።

ወደ ሰው ሀብት ክፍል የገባው ዘግይቶ፣ ከ2010 በኋላ ነው። ዴሎይት የተባለው አማካሪ ድርጅት በ2016 ዓለም አቀፍ የሰው ሀብት ሪፖርቱ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሲሰጠው መደበኛ ርዕስ ሆነ።

አሠራሩ

የዲ ስኩል ትምህርት አምስት እርከኖችን ይዘረዝራል፤ የሰውን ችግር ከእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት፣ ችግሩን መበየን፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር። በተግባር ግን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደኋላ መመለስ የተለመደ ነው።

ለኤችአር ከሁሉ የሚጠቅመው መሣሪያ የጉዞ ካርታ ነው። ግድግዳ ላይ ረጅም ወረቀት ይለጠፋል። ሠራተኛው የሚያልፍባቸው ነጥቦች ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋሉ። ከእያንዳንዱ በታች ምን እንዳደረገ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ ስንት ቀን እንደጠበቀ፣ ምን እንደተሰማው ይገባል። ካርታው አንድ የሚያሳፍር ነገር ቶሎ ያሳያል። ሠራተኛው አንድ ጉዳይ ብሎ የሚጠራውን፣ ድርጅቱ ለአምስት ክፍል አከፋፍሎ፣ አምስቱም «የኔ ድርሻ አልቋል» ብለው ተቀምጠዋል።

ችግሩን መበየን የሚባለውም እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ማኔጅመንት «አዲስ ገቢዎች ቶሎ ይለቃሉ፣ ሥልጠና ጨምሩ» ሊል ይችላል። ሠራተኞቹን ቁጭ ብሎ ያነጋገረ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማን እንደሚያዛቸው አያውቁም። ይህን ሥልጠና አይፈታውም።

አይቢኤም

ጂኒ ሮሜቲ በ2012 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆኑ የኩባንያውን ዲዛይን እንዲመሩ ፊል ጊልበርት ተመደቡ። ጊልበርት ወደ አይቢኤም የመጡት በ2010 የተገዛውን ሎምባርዲ የተባለ የኦስቲን፣ ቴክሳስ የሶፍትዌር ኩባንያ ተከትለው ነው። በ2013 ኦስቲን ላይ ስቱዲዮ ተከፈተ፤ 1,000 ዲዛይነር የመቅጠር ዕቅድም ወጣ፣ ከዚያም ታለፈ።

አይቢኤም ዘዴውን ለግዙፍ ድርጅት በሚሆን መልኩ አበጃጀው። ማየት፣ ማሰላሰል፣ መሥራት የሚል ዙር አለው። በዙሪያው ሦስት ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው «ሂልስ» ይባላል፤ ማን፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና ከበፊቱ በምን እንደሚሻል በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጥ ግብ ነው። ሁለተኛው «ፕሌይባክ» ነው፤ ሥራው ሳያልቅ፣ ገና እንደተጀመረ፣ ለሁሉም እየታየ ይተቻል። ሦስተኛው «ስፖንሰር ዩዘር» ነው፤ እውነተኛ ተጠቃሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከቡድኑ ጋር ይቀመጣል። ኤችአር ውስጥ ይህ ሦስተኛው ከባድ ነው። ፖሊሲ እየወጣበት ያለውን ሰው ፖሊሲው ሲረቀቅ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ስለሆነ።

ያንን ያደረጉት በ2013 የሰው ሀብት ኃላፊነቱን የያዙት ዳያን ገርሰን ናቸው። ጊዜው የአፈጻጸም ምዘና በየኩባንያው የተጠላበት ነበር። አይቢኤም ፒቢሲ የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ ዓመቱ ሲጀምር ዕቅድ ይሞላል፣ ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ሥራው ግን በየወሩ ይቀየራል። ጥር ላይ የተጻፈው ዕቅድ ሰኔ ላይ ማንም የማያስታውሰው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ገርሰን በኋላ እንዳስረዱት የተለመደው መንገድ ግልጽ ነበር፤ የሌሎችን ልምድ ማጥናት፣ ባለሙያ ሰብስቦ ማርቀቅ፣ በትንሽ ቦታ መሞከር፣ ከዚያ ማውረድ። እሳቸው በ2015 ጥያቄውን በኩባንያው የውስጥ መገናኛ ላይ ለሠራተኛው አቀረቡ። መልሱ ጎረፈ። አስተያየቱን በሰው ዓይን ብቻ አንብቦ መጨረስ ስለማይቻል የኩባንያው ጽሑፍ የሚተነትን ሶፍትዌር ዋና ዋና ሐሳቦቹን ለየ። ረቂቁ ተመልሶ ለሠራተኛው ታየ፣ ተተቸ፣ ተሻሻለ። ስሙን ሳይቀር ሠራተኛው በድምፅ መረጠ። «ቼክፖይንት» በየካቲት 2016 ሥራ ጀመረ።

አዲሱ ሥርዓት ያንን አንድ ነጥብ አስቀረ። በምትኩ አምስት መመዘኛ መጣ፤ የሥራ ውጤት፣ የደንበኛ ስኬት፣ ፈጠራ፣ ለሌሎች ያለ ኃላፊነትና የሙያ ክህሎት። ዕቅዱ በዓመቱ መሐል መቀየር ይችላል። አለቃና ሠራተኛ ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ ይነጋገራሉ። ለሙያችን ትልቅ ቀን ነበር ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም። ወደ 380,000 ሰው በያዘ ድርጅት ውስጥ፣ ምዘና ከላይ የሚወርድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ታየበት።

ሁለተኛው ሥራ የአዲስ ገቢ አቀባበል ነው። የኤችአር ቡድኑ መንገዱን ሲከተል ነገሩ የኤችአር ብቻ እንዳልሆነ አገኘ። መታወቂያ ባጁ የጥበቃ ክፍል ነው፤ መቀመጫው የሕንፃ አስተዳደር፤ ላፕቶፑና የይለፍ ቃሉ የአይቲ። ኤችአር የእንኳን ደህና መጣህ ፕሮግራሙን ምንም ቢያሳምር፣ ሰውየው ባጅ ሳይኖረው በር ላይ ከቆመ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁሉም ክፍሎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሠሩት።

የገንዘብ ጥቅሙን በተመለከተ ፎሬስተር የተባለው የጥናት ኩባንያ በ2018 ባወጣው ጥናት አይቢኤም ዲዛይን ቲንኪንግ 301 በመቶ ትርፍ ያስገኛል ተብሏል። ጥናቱን ያሠራው ግን ራሱ አይቢኤም ስለሆነ ቁጥሩን በልኩ መያዝ ይበጃል።

የዚያ ዘመን አይቢኤም ሌላ ገጽም አለው። በ2017 ከቤት ይሠሩ የነበሩ የማርኬቲንግ ሠራተኞች ወደ ተወሰኑ ቢሮዎች እንዲገቡ ወይም ሥራቸውን እንዲለቁ ተነገራቸው። በ2018 ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም፣ ኩባንያው ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 20,000 ያህል ሠራተኞችን እንደቀነሰ ገመተ። በ2020 የአሜሪካ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ ከ2013 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በዕድሜ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነበር ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ አለ። ኩባንያው አድልዎ አልፈጸምኩም ባይ ነው። ይህ የቅነሳ ውሳኔ ከምዘናው ለውጥ የተለየ ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ሠራተኛው ግን የሚኖረው አንድ ኩባንያ ውስጥ ነው።

ኤርቢኤንቢ

ኤርቢኤንቢ ማረፊያ የሚያከራዩ ሰዎችን ከእንግዶች ጋር በኢንተርኔት የሚያገናኝ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ከሦስቱ መሥራቾቹ ሁለቱ፣ ብራያን ቼስኪና ጆ ጌቢያ፣ በሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ዘዴው ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። ቼስኪ የእንግዳውን ጉዞ እንደ ፊልም በተከታታይ ሥዕል አሥለው ነበር። በ2013 የገቡት ማርክ ሌቪ ያንኑ ለሠራተኛው አደረጉት። በ2015 የሰው ሀብት ኃላፊው መጠሪያ ወደ ሠራተኛ ተሞክሮ ኃላፊነት ተቀየረ። ቅጥሩ፣ የሰው ሀብቱ፣ የሥራ ቦታው፣ ምግቡና የውስጥ ዝግጅቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። በ2016 ሠራተኞች አሠሪያቸውን በሚመዝኑበት ግላስዶር በተባለው ድረ ገጽ ላይ የምርጥ አሠሪዎችን ዝርዝር በአንደኝነት መራ።

የበለጠ ሊታይ የሚገባው ግን ስንብቱ ነው። ኮሮና ጉዞን ሲያቆም፣ በግንቦት 2020 ከ7,500 ሠራተኛ 1,900 ያህሉ ተቀነሱ። አሜሪካ ውስጥ ያሉት የ14 ሳምንት ደመወዝ፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ሳምንት፣ እንዲሁም የ12 ወር የጤና መድን ተሰጣቸው። ላፕቶፓቸውን ይዘው እንዲሄዱ ተፈቀደ። ከቅጥር ክፍሉ ከፊሉ ዞሮ ለተቀነሱት ሥራ አፈላላጊ ሆነ፤ ስማቸውና ሙያቸው ፈቃዳቸው ከሆነ በይፋ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። መቀነስ መቀነስ ነው። ሆኖም የመውጫው በር እንደ መግቢያው በር ታስቦበታል።

ሌሎች

የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቤ በ2012 ዓመታዊ ምዘናን አስቀርቶ «ቼክ ኢን» የሚል ቀጣይ ውይይት ተካ። ወሬው የወጣው የሰው ሀብት ኃላፊዋ ዶና ሞሪስ ሕንድ ውስጥ ለጋዜጠኛ አፋቸው ስላመለጣቸው ነው፤ ገና በውስጥ አልተወሰነም ነበር። ሞሪስም ቶሎ ብለው የሠራተኛውን ሐሳብ በውስጥ ድረ ገጽ ጠየቁ። ዴሎይት የራሱ ምዘና በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ሰዓት እንደሚበላ ቆጥሮ ቀየረው። የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ በ2016 የኤችአር ሠራተኞቹን ለ24 ሰዓት ያሳተፈ የሐሳብ ውድድር አድርጓል።

ትችቱ

ፔንታግራም የተባለው የዲዛይን ድርጅት ዲዛይነር ናታሻ ጄን በ2017 ባደረጉት ንግግር ዘዴውን ክፉኛ ነቅፈዋል። ዲዛይነሮች የሚያድጉት በከባድ ትችት ነው፤ በአምስቱ እርከን ውስጥ ግን ትችት የሚባል ቦታ የለም፤ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ቀረ ይላሉ። ነቀፋው ውሃ የሚቋጥር ነው። ብዙ ድርጅት የሁለት ቀን ወርክሾፕ አድርጎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሻይ ቡና ብሎ ይበተናል። አይዲዮ ራሱም በ2023 ከሠራተኞቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ቀንሷል።

ሌላው ጥያቄ የሥልጣን ነው። ሠራተኛው የፈቃድ ቅጹ እንዴት ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ደመወዙ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ይወሰናል። በመልካም አቀባበል ዝቅተኛ ክፍያን መሸፈን አይቻልም።

ወደ እኛ ሲመጣ

የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ቢፒአርን (የሥራ ሂደት ለውጥ)፣ ቢኤስሲን (ሚዛናዊ የውጤት መመዘኛ)፣ ካይዘንን (የጃፓን የቀጣይ መሻሻል ዘዴ) በየተራ አይተዋል። ቢፒአር ከሥራ ሂደቱ ይነሣል፤ ቢኤስሲ ከዕቅድና ከነጥብ። ከሠራተኛው ጉዞ የሚነሣ ነገር ገና ነው።

የጉዞ ካርታ ግን የትም ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ተቀጣሪ የሚያልፍበትን እንውሰድ። ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድና ክሊራንስ ያስፈልጋል። የጤና ምርመራ አለ። ብዙ ቦታ አሻራ ይጠየቃል። በተለይ ገንዘብና ንብረት የሚነካ ሥራ ከሆነ ደግሞ ተያዥ ይመጣል፤ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሊያጽፍ የሚችል፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ዘመድ ወይም ወዳጅ። ይህን ወረቀት ላይ ላስቀመጠ ኤችአር የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ወረቀት በሕግ የታዘዘ፣ የትኛው በልማድ የቀጠለ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ላይ ሊጠየቅ የሚችለው በሦስት ምልልስ ለምን ይጠየቃል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። ኮምፒውተር እስኪመጣለት ሁለት ሳምንት ወንበር ያሞቀ ተቀጣሪ ከዚያ ላይ አሥር ቀን ያህሉ ሳይታይበት አልፏል። ቆጠራው ግን ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ይሮጣል።