11ኛ እና 12ኛ ክፍል ላይ የእንግሊዝኛ ሊትሬቸር፦ ጎጃም ውስጥ ሲታይ

ደብረ ማርቆስም ሁን ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ሁን ዳንግላ፣ 11ኛ ክፍል ገብተህ ፕሮግራሙን ስታየው ሊትሬቸር (ሥነ ጽሑፍ) የሚባል ትምህርት አታገኝም። ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ ናቹራሉም ሶሻሉም እኩል የሚማረው። ግጥሙም ታሪኩም እዛው ውስጥ ነው የተሸጎጠው፣ መጽሐፉ በዩኒት ተከፋፍሎ አንድ ምንባብ፣ ከስሩ ቃላት፣ ከዛ ግራመር፣ ከዛ ስፒኪንግ ምናምን እያለ ይሄድና አልፎ አልፎ አንዲት አጭር ግጥም ብቅ ትላለች፣ እሷንም ብዙ መምህር "ኢንትራንስ ላይ አትመጣም" ብሎ ይዘላታል።

መምህሩም አይፈረድበትም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛው ቾይዝ ነው፤ ፓሴጅ አንብቦ መመለስ፣ ባዶ ቦታ መሙላት፣ የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል፣ የሁለት ሰው ንግግር ማሟላት። ይሄ ገጸ ባህሪ ለምን እንዲህ አደረገ፣ የመሰለህን ጻፍ የሚል ጥያቄ የለበትም። 2015 መግቢያ ላይ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ከዛ በኋላ ማን ስለ ግጥም ያስባል፣ ሁሉም ሾርት ኖትና ያለፈ ዓመት ወርክሺት ላይ ተረባረበ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ጦርነት መጥቶ ብዙ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጭራሽ ክፍል መግባቱ ራሱ ብርቅ የሆነበት ቦታ አለ።

እንግሊዞቹ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ኤ ሌቭል የሚሉት በነሱ አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ ያለ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ብቻ መርጠው እሱኑ ይይዛሉ። ሊትሬቸር የመረጠ ቢያንስ 8 ሥራ ያነባል፣ ከነዚህ ቢያንስ 3ቱ ከ1900 በፊት የወጡ መሆን አለባቸው፣ ሼክስፒር የግድ ነው፣ አንድ ደግሞ ከ2000 ወዲህ የወጣ። ፈተናው ድርሰት ነው፣ ሰዓት ተይዞ ቁጭ ብሎ መጻፍ። ከጠቅላላው ነጥብ 20 በመቶው ተማሪው ከፈተና ውጭ ጊዜ ወስዶ ከሚጽፈው ሥራ ነው የሚመጣው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁትን ጽሑፍ ይሰጧቸውና ተንትኑ ይሏቸዋል፣ ሽምደዳ እዛ ጋ አይሠራም።

ይሄን ሳስበው ትዝ የሚለኝ ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም ማለት እኮ ስመ ጥሮቹ የቅኔ ቦታዎች ዋሸራ ነው፣ ጎንጅ ነው። የቆሎ ተማሪው ከሁለት ቤቷ (ሁለት መስመር ማለት ነው) ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ሲሄድ የሚማረው አንድ ቃል ላይ ማደርን ነው፣ ሰሙ የቱ ጋ አለቀ፣ ወርቁ የቱ ጋ ጀመረ፣ ይሄ ቃል በምን አገባብ ገባ። ብቻውን ቆጠራ፣ ማለትም ቅኔ ሊያዘጋጅ፣ ወጥቶ የቆጠረውን የኔታ ፊት ያቀርብና ይታረማል። ሮሚዮና ጁልየት ላይ መርኩሽዮ የሚባለው ልጅ በሰይፍ ተወግቶ ሊሞት ሲል "ነገ ብትፈልጉኝ ግሬቭ ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ" ይላል፣ ግሬቭ ቁም ነገረኛም ነው፣ መቃብርም ነው። ይሄን ለቅኔ ተማሪ ንገረው፣ ኅብር ነው ብሎ ወዲያው ይስቅልሃል፣ የፕሪፓራቶሪ ልጅ ግን ዲክሽነሪ ይከፍታል (እኔም ያኔ ከፍቻለሁ)።

ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ቅኔ ቤት ልጁ ራሱ ይቀኛል፣ ኤ ሌቭል ፈተና ላይ ግን ግጥም ጻፍ አይሉትም፣ በሌላ ሰው ግጥም ላይ ተከራከር ነው የሚሉት። ደሞ ቅኔው ወርቁ ታውቆ ነው የሚፈታው፣ ባለቅኔው የቀበረው ነገር አለ፣ እሱን ማግኘት ነው። እዛ ግን ሁለት ተማሪ ሁለት የተለያየ ነገር ጽፎ፣ ሁለቱም ከጽሑፉ ማስረጃ እስካመጡ ድረስ፣ ሁለቱም ጥሩ ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ። ቅኔ ቤት የቆየ ልጅ ወደ አስኳላ ሲመጣ የሚቸገረው እዚች ጋ ይመስለኛል፣ አንዷን ወርቅ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ሁለቱን አንድ ላይ የያዙ ሰዎች ከዚሁ አገር ወጥተዋል። ሀዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው ቅኔውንም አስኳላውንም አይተው ነው 1958 ላይ ፍቅር እስከ መቃብርን ያወጡት፣ ዛሬም የማርቆስ ልጅ ስለ ገጸ ባህሪ ስታወራው አንድም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ሳያነብ የዚሁን መጽሐፍ ጉዱ ካሳን ይጠቅስልሃል። ድሮ በማትሪክ ዘመን ከ1955 ጀምሮ የመጡት የፒስ ኮር አሜሪካኖችና ህንዶቹ መምህራን ነበሩ እንግሊዝኛውን የሚያስተምሩት፣ ያኔ የተማሩ ትልልቅ ሰዎች አሁንም የግጥም ስንኝ በቃላቸው ይወጣላቸዋል። አሁን ልቦለድ የፈለገ ልጅ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ያወርዳል፣ በስልክ ስክሪን 300 ገጽ፣ ኔትወርክ ካለ።

ሊትሬቸር በስሙ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም ኢንግሊሽ ዲፓርትመንት አለ። ብዙው ልጅ ግን መርጦት ሳይሆን ሌላው ሞልቶበት ነው የሚገባው፣ እና አንድ ልቦለድ ሙሉውን አንብበህ አምስት ገጽ ጻፍ ሲባል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ የመጽሐፉን ታሪክ መልሶ በመጻፍ ነው።